ጂጂን በገደል ማሚቶ

«ዘፈኑን አፍርሰው ጣሉት!» ብለው የሚፈርዱት የጂጂ ጠላቶች አይደሉም፤ ከልባቸው የሚወዷት ናቸው። ጎጃም ውስጥ፣ በተለይ በትውልድ ከተማዋ በቻግኒና በአካባቢዋ፣ እጅጋየሁ ሽባባውን የማይወድ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ዘፈኖቿን ከመግቢያ እስከ መውጫ በቃሉ የሚያወርድ ሰው ደግሞ በየባጃጁ ሞልቷል። ይኸው ሰው ነው አንድ ቀን «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» የተባለውን አልበም አግኝቶ የሚከፍተው። የሚያውቀው ድምፅ መጣ ሲል ይርቃል። ባሱ ብቻውን ይቀራል። ከበሮው ይገባል፣ ይወጣል። ግጥሙ ስንኝ ሳይሞላ ጭስ ይሆናል። ቀጣዩን ይጫናል፤ ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ዘግቶት ወደ ድሮዎቹ ይመለሳል።

አልበሙ ከባድ ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ከባድ ያደረገው ግን ባዕድነቱ አይመስለኝም። የእኛ ሰው ዘፈን የሚሰማው በግጥም ጆሮ ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ልብ በሉ፤ መሲንቆው ሲገዘግዝ ሰዉ ያወራል፣ ይጠጣል። ስንኙ ሊወርድ ሲል ጸጥ ይላል፤ ከወረደ በኋላ ቤቱ ይናጋል። ዜማው ግጥሙን ጭና የምትመጣ በቅሎ ናት። በዚህ አልበም በቅሎዋ ባዶዋን መጣች። ጆሯችን «ጭነቱስ የት ደረሰ?» ቢል አይፈረድበትም።

ሆኖም ያው ሰው ሌላ ጆሮም አለው። ለደብሩ ንግሥ ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ አንዱን ቃል በቁም ዜማ ይሉታል፤ ያንኑ መልሰው መቋሚያውን እያወዛወዙ በዝማሜ ይሉታል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ በመረግድ፣ በመጨረሻም እየፈጠነ በጭብጨባ በጽፋት ይሉታል። አንዲት ቃል ለደቂቃዎች ስትሳብ «ቀጥሎ ምን ይላል?» ብሎ የሚቸኩል የለም። ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚደመጠው ቃሉ ምን እየሆነ እንደ ሄደ ነው። በገናም እንደዚሁ ነው። ከአሥሩ አውታሮች ሥር የገባችው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ስታንዘረዝረው «ይሄ በገና ይጮሃል፣ ይሠራ» የሚል ሰው አልተሰማም፤ ንዝረቱ ራሱ ዜማው ነው። አልበሙ የሚጠይቀን ይህንን ጆሮ ነው። ማኅሌትን ከዘፈን ጋር ማንሳት የሚከነክነው ሰው ቢኖር፣ የማመሳስለው አድማጩን እንጂ ሥርዓቱን አይደለም።

አሁን ወደ አልበሙ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፓልም ፒክቸርስ በተባለው ኩባንያ «ጂጂ» ተብሎ በራሷ ስም የተሰየመ አልበም ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። ሙያው ባስ ጊታር ነው፤ ይህቺን ነገር ያዟት፣ ኋላ ትጠቅመናለች። «ዓባይ»፣ «ባለ ዋሽንቱ»፣ «ጉራማይሌ»፣ «ዓድዋ» ያሉት እዚህ አልበም ላይ ነው። ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስን የመሳሰሉ የጃዝ አንጋፋዎች ተጫውተውበታል። ያ አልበም ራሱ ሲወጣ «ዜማችንን ለወጠችው» የሚል ክርክር አስነስቶ ነበር፤ ዛሬ ግን የቤት ዕቃ ሆኗል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ላስዌል የዚያኑ አልበም ቅጂ መልሶ ከፈተና በሌላ መንገድ ሚክስ አደረገው፤ ሪሚክስ የሚባለው ይህ ነው። «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ይኸው ነው። እንግዲህ ጂጂ አዲስ ዘፈን ይዛ የመጣችበት ሥራ አይደለም። «አዲስ አልበም» ብሎ መክፈት የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ አዲስ ዘፈን የጠበቀ ጆሮ የሚሰማው ሁሉ ጉድለት ይመስለዋል።

ላስዌል ይህንን የጀመረው በእሷ አልነበረም። በ1997 የቦብ ማርሊን፣ በ1998 የማይልስ ዴቪስን ቅጂዎች እንዲሁ ፈትቶ ሠርቷቸዋል። ዘዴውም የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ ደብ ይባላል፣ አገሩ ጃማይካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኪንግስተን ውስጥ በሸክላ አንዱ ገጽ ዘፈኑን፣ በጀርባው ያንኑ ዘፈን ድምፃዊው ተነሥቶለት ማተም ተለመደ። ኪንግ ተቢ የሚባለው ሬዲዮና አምፕሊፋየር ጠጋኝ በዚህ ላይ ተነሥቶ የድምፅ መቀላቀያውን፣ ሚክሰሩን፣ እንደ ክራር ይጫወትበት ጀመር።

እንዴት እንደሚሠራ ካወቃችሁ ግማሹ ክብደት ይቀላል። ስቱዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ መስመር ይቀዳል፤ ባሱ ለብቻው፣ ድራሙ ለብቻው፣ የጂጂ ድምፅ ለብቻው። ሚክሰሩ ላይ ለየመስመሩ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አለ። የደብ ባለሙያ በመጀመሪያ ባስና ድራም ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይዘጋል። ቀጥሎ የድምፃዊዋን መስመር ለአንድ ቃል ያህል ይከፍትና ቃሏን ወደ ኢኮ፣ ማለትም ወደ ገደል ማሚቶ፣ መሣሪያው ይልካታል። ወዲያው መስመሩን ይዘጋል። ድምፃዊዋ ተዘግታለች፤ ቃሏ ግን መሣሪያው ውስጥ እየተመላለሰች ትኖራለች። ከፈለገ የሚወጣውን ኢኮ መልሶ ወደዚያው መሣሪያ ይከተዋል፤ ያኔ ቃሏ ራሷን እየደገመች፣ እያረጀች፣ ቃል መሆኗ ቀርቶ ጩኸት እስክትሆን ትሄዳለች። «ድምጿ ራቀ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ሩቅ ቆማ አይደለም የምትዘፍነው፤ ከሄደች በኋላ የቀረውን ነው የምንሰማው።

ይህንን ለመረዳት ደግሞ ከጎጃም ሰው የተሻለ ማን አለ! ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ መኪናው የቆመበት አጋጣሚ ሲገኝ ወደ ገደሉ አንዴ አጨብጭቡ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ገደሉ 85 ሜትር ቢርቅ ጭብጨባችሁ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 170 ሜትር ቢሆን አንድ ሰከንድ። ኢኮ ማሽን ማለት ርቀቱን በቁልፍ የምትወስኑለት ገደል ነው። ዘፈኑ በደቂቃ 80 ምት የሚሄድ ቢሆን አንዱ ምት 0.75 ሰከንድ ነው፤ ኢኮው በዚያ ልክ ከተሞላ ቃሏ በየምቱ ላይ እያረፈች ትመለሳለች። ሦስት አራተኛው ምት ላይ፣ ማለትም 0.56 ሰከንድ ገደማ ላይ፣ ከተሞላ ግን ቃሏ በምቶቹ መካከል ትወድቃለች፤ እሷ አንድ ጊዜ ብላው የከበሮ መልስ የሰጠች ይመስላል። በጣታችሁ ጉልበታችሁን እየመታችሁ ኢኮው ምቱ ላይ ይረፍ ወይም መሐል ይግባ ለዩ። ሁለት ሦስት ቀን ቢፈጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጆሮው ራሱ ይቆጥራል።

ሪቨርብ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ሰው ያሳስታል። ኢኮ ይቆጠራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሪቨርብ አይቆጠርም፤ ባዶ የድንጋይ አዳራሽ ውስጥ ስታስሉ ሳሉ ረዝሞ እንደሚቀረው ነው። በዚህ አልበም ኢኮው የጊዜ መጫወቻ ነው፤ ሪቨርቡ ደግሞ ቤቱን ይሠራል፣ ጠባብ ወይም ሰፊ፣ ቅርብ ወይም ሩቅ። የሠርግ ሳውንድ ሲስተም የሚይዙ ልጆች «ኢኮ ጨምርላት» ሲባሉ ሁለቱንም እስከ ጥግ የሚከፍቱት ልዩነቱን ባለማወቅ ነው፤ ሙሽራው ንግግር ሲያደርግ አንድ ቃል የማይሰማውም ለዚሁ ነው።

የብዙዎች ሙከራ የሚከሽፈው ግን ገና ጆሮ ጋ ሳይደርስ ነው።

የስልክ ድምፅ ማጉያ ይህንን አልበም ማጫወት አይችልም። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ያወጣል፤ የስልክ ስፒከር ግን ጥቂት መቶ ኸርዝ ካልደረሰ ድምፁ እዚህ ግባ አይባልም። የ2001ዱ አልበም በስልክ የሚያስደስተው ዘፈኑን የተሸከመው የጂጂ ድምፅ ስለሆነ ነው፤ የሰው ድምፅ የሚነግሥበት ክልል ደግሞ ለስልክ ስፒከር ይመቸዋል። ሪሚክሱ ግን ምሰሶውን ከድምጿ ነቅሎ ባሱ ላይ ተክሎታል። በስልክ ከፍቶ «ምንም የለበትም» ያለ ሰው እውነቱን ነው፤ እሱ ጋ የደረሰ ምንም የለም።

ትንንሾቹ ብሉቱዝ ስፒከሮችም ችግሩን አይፈቱትም። ባሱን በመጠኑ ያመጡታል፤ ግን ብዙዎቹ ግራና ቀኙን ቀላቅለው ባንድ አፍ ነው የሚያወጡት። ኢኮው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር የሚፈጠረው ስፋት ይጠፋና ሁሉም እላዩ ላይ ይከመራል። ርካሽም ቢሆን ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል። ሦስት ነገር ግን አጣሩ። አንደኛ፣ ሁለቱም ጆሮ ይሠራሉ? ገመዱ ጃኩ አጠገብ ሲላላ አንዱ ወገን ጸጥ ይላል፤ ሰው ሳያውቀው ለወራት ግማሹን ሲሰማ ይኖራል። ሁለተኛ፣ ጎማው ጆሯችሁን ይዘጋል? ጆሮ ውስጥ እንዳለ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ገፋ አድርጉት፤ ባሱ ድንገት ከጨመረ ጎማው ልካችሁ አይደለም፣ ባሱ በክፍተቱ እያመለጠ ነው። አብረው የመጡትን ትልልቅና ትንንሽ ጎማዎች የምንጥላቸው ለዚህ ነበር የተሠሩት። ሦስተኛ፣ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ድምፁን ወደ ሞኖ የሚቀይረው ምርጫ በስህተት በርቶ እንዳይሆን።

ባስ የሚያጎላውን ምርጫ፣ ባስ ቡስትን፣ አጥፉ! «ባሱ ዋና ነው ካልክ ለምን አልጨምረውም?» ይባላል። ይህ ባስ መጠኑ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። ሲጨመርበት ኖታዎቹ እርስ በርስ ይዋጡና ወፍራም ጉርምርምታ ይሆናሉ፤ አንዱን ኖታ ከሌላው መለየት ሲያቅት ዜማው ሞተ ማለት ነው፣ ምክንያቱም በብዙ ቦታ ዜማውን የያዘው ባሱ ነው። ድምጿ ራቀ ብሎ ቮሊዩም መጨመርም ያው ወጥመድ ነው፤ እሷ ሳትቀርብ ባሱ ጆሮ ይመታል። ቮሊዩሙን ባሱ በሚመቻችሁ ልክ አቁሙትና እሷን ባለችበት ተከተሏት።

ፋይሉም ይታይ። ከሱቅ ሚሞሪ ላይ የተሞላ ወይም በቴሌግራም እጅ በእጅ የዞረ ዘፈን ብዙ ጊዜ ተጨምቆ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒስሪ ለአንድ ደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በ320 ሲሆን 2.4። የሰባት ደቂቃ ዘፈን ከሰባት ሜጋ ካነሰ ጠርጥሩ። ሲጨመቅ አስቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ ልክ ይህ አልበም የቆመበት ነገር ነው፤ የሪቨርቡ ጅራትና የጸናጽል ዓይነት ቀጭን ድምፅ። ውሃ ውስጥ የተነከረ፣ ሿ ሿ የሚል ነገር ከሰማችሁ የላስዌል ጥበብ አይደለም፤ የጭመቃው ነው።

በትልቅ ስፒከር ለመስማት የታደለ ሰው የክፍሉን ነገር ያስብ። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል 43 ኸርዝ ገደማ ላይ የራሱ ጩኸት አለው፤ ከባሱ ወፍራም ክር ጋር ጎረቤት ናቸው። ግድግዳ ተደግፋችሁ ብትቀመጡ ያቺ ኖታ ታገሳለች፤ ክፍሉ መሐል ብትቀመጡ ደግሞ ትጠፋለች። ከግድግዳው ወደ አንድ ሜትር ተኩል ፈቀቅ በሉ። የጭቃ ግድግዳና ወፍራም መጋረጃ ያለው ቤት ከሲሚንቶው ቤት ይሻላል፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ግን ከባሱ ጋር አብሮ ይዘፍናል። በሐምሌ ዝናብ ደግሞ ባትሞክሩት ይሻላል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የኢኮውን ጅራት በሙሉ ይውጠዋል፤ ባስና ከበሮ ብቻ ይተርፋል፣ ከዚያ «ሰው የሌለበት ሙዚቃ» ይባላል።

አሁን ወደ ማድመጡ። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ስምንት ቤት ባለው መወድስ አይጀምርም፤ በሁለት ቤቱ በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው። እናንተም አልበሙን ሙሉውን ለመዋጥ አትነሡ። በ2001ዱም በ2003ቱም ዝርዝር ላይ ስሙ ያለ አንድ ዘፈን ምረጡ፤ አንድ ብቻ። መጀመሪያ የቀድሞውን ሦስት ጊዜ ስሙት። አንዱን ጊዜ እንደ ልማዳችሁ ከግጥሙ ጋር። ሁለተኛውን ግጥሙን ትታችሁ ባሱን ብቻ ተከተሉ፤ አፋችሁን ዘግታችሁ አብራችሁ አንጎራጉሩት። ይሄኛው ያስቸግራል፤ ጆሮ በየመሐሉ ወደ ጂጂ ይሸሻል። በሸሸ ቁጥር መልሱት። ሦስተኛውን ከበሮውንና ትንንሾቹን ምቶች ብቻ። እዚህ ላይ ቁሙና በማግስቱ የሪሚክሱን የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ክፈቱ። ትናንት ያንጎራጎራችሁት ባስ የት አለ? ያው ነው? ዘግይቷል? ተቆርጧል? ካገኛችሁት በሩ ተከፈተ፤ ካላገኛችሁት ወደ ቀድሞው ተመለሱና ባሱን ደግማችሁ አንጎራጉሩት፤ የጠፋው ብዙውን ጊዜ ከሪሚክሱ ሳይሆን ከእኛ ትውስታ ነው።

በሳምንቱ ሙሉውን ዘፈን ስሙት። በዚህ ጊዜ ሥራችሁ ጂጂ የገባችባቸውን ቦታዎች መቁጠር ነው። ወረቀት ይዛችሁ ደቂቃውን መዝግቡት፤ የመጣችው ቃል ናት ወይስ ያለ ቃል ቅላጼ ብቻ? ኢኮዋ ስንት ጊዜ ተመለሰ? ሞኝነት ይመስላል፤ ግን እጅ ሲሠራ ጆሮ አይባዝንም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግድም፣ በሌሊት፣ መብራቱን አጥፍታችሁ ሙሉውን አልበም ባንድ ቁጭታ ስሙት። ሸፍሉን አጥፉ። በየመሐሉ ስልክ የሚደወል ከሆነ ይቅር፤ ሌላ ቀን ይሆናል።

የምቱ ነገር የጎጃም ጆሮ የሚሰናከልበት ሌላው ቦታ ነው። የለመድነው ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ነው፤ ትከሻው ከጆሮው ቀድሞ ነው የሚያውቀው። ደብ ደግሞ ባዶ ቦታን ይወዳል፤ በጃማይካው ልማድ አንደኛው ምት ላይ ከበሮው ዝም ብሎ ሦስተኛው ላይ የሚያርፍበት አመታት አለ። ትከሻችሁ እስክስታ ፈልጎ ባዶ ቦታ ላይ ሲወድቅ «ምቱ ተሰበረ» ይላል። ስድስቱን እንደ ሁለት ትልልቅ ምቶች ቁጠሩት፤ አንድ… ሁለት… እያላችሁ በራስ ንቅናቄ ብቻ። የማኅሌቱ ዝማሜ አካሄድ ለዚህ ከእስክስታ የበለጠ ይረዳል፤ መቋሚያው ሲሄድና ሲመለስ የሚሰጠው ጊዜ ሰፊ ነው።

ቅኝት የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሚዝናናበት አለ። ክራራችሁን በሜጀር ትዝታ ቃኙት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። አንድ የምታውቁትን የትዝታ ዜማ እየደረደራችሁ አጠገባችሁ ያለ ሰው ዶን በወፍራም ድምፅ ይያዝላችሁ። ቤቱ የት እንደ ሆነ ግልጽ ነው። አሁን እናንተ ምንም ሳትለውጡ ሰውየው ወደ ላ ይውረድ። ዜማው ያው፣ ጣታችሁ ያው፤ ግን ፊቱ ጠቆረ። ለምን? ላን ቤት አድርጋችሁ ስትጀምሩ ያው አምስት ድምፅ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የማይነር ባቲ ድርድር ነው። ዘፋኙን ሳትነኩ ባሱን ብቻ በማንቀሳቀስ ቅኝቱን ማስቀየር ይቻላል ማለት ነው። ሌሎች ድምፆች ተነሥተው ባስና ሰው ብቻ ሲቀሩ ይህ ኃይል ጎልቶ ይወጣል። ሪሚክስ ስትሰሙ «ይህቺን ቦታ አውቃታለሁ፣ ግን ለምን እንዲህ ከፋት?» ካላችሁ አስቀድማችሁ ባሱን ጠይቁት።

ሌላው በአማርኛ አድማጭ ብቻ የሚያዝ ነገር ነው። ጥ፣ ጭ፣ ቅ፣ ጵ የሚባሉት ፈንጂ ድምፆቻችን አጭርና ስለታም ናቸው። ሪቨርብ ውስጥ ሲገቡ ወዲያው ይዋጣሉ፤ የሚተርፈው አናባቢው ብቻ ነው፣ ኣ… ኤ… እያለ የሚረዝመው። ኢኮ ውስጥ ሲገቡ ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ እያንዳንዷ ጥ እንደ ትንሽ ከበሮ ቷ፣ ቷ፣ ቷ እያለች ትመለሳለች። ቃሉ ፈርሶ ግማሹ ዋሽንት፣ ግማሹ ከበሮ ሆነ ማለት ነው። አማርኛ የማያውቅ አድማጭ ይህንን እንደ ጥሩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እኛ ግን ቃሉን ስለምናውቅ የትኛው ፊደል የትኛው እንደ ሆነ መለየት እንችላለን። «ለፈረንጅ ነው የሠሩት» የሚለው ክስ እዚህ ላይ አይዋጥልኝም። ከእኛ በላይ የሚሰማው የለም።

ይህ ሁሉ ተብሎም አልበሙን እንከን የለሽ አላደርገውም። ባስ ተጫዋች ሚክሰሩን ሲይዝ ባስ መንገሡ አይቀርም፤ ባሱ ሄዶ ሄዶ የትም የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ፣ እዚያ ሌላ ሰው ቢቆርጠው ይሻል ነበር። ደግሞም «ዓድዋ»ን የመሰለ፣ አከርካሪው ግጥም የሆነ ዘፈን ለዚህ ዓይነት አሠራር አይመችም፤ ቃሉ ሲነሣ የሚቀረው አጥንት አልባ ሥጋ ነው። ለደብ የሚመቸው ዜማው በራሱ የሚቆም፣ ግጥሙ አጭርና ተደጋጋሚ የሆነ ዘፈን ነው። በአጠቃላይም ይህን አልበም የጂጂ ማለት ይከብደኛል። የላስዌል ነው፤ እሷ የተጫወተበት መሣሪያ ናት። ይህ የሚያናድደው አድናቂ አለ፤ ንዴቱም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሠሪውን ስም አስተካክሎ የከፈተ ሰው ብስጭቱ ይቀንስለታል፤ ጂጂ ልትሰጠው ያልቃጣችውን ነገር ከእሷ አይጠብቅም።

መሸጋገሪያ የሚፈልግ በዚያው በ2003 አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል ስም የወጣውን «ዛየን ሩትስ»ን መሐል ላይ ያስገባው። እዚያም ጂጂ ዘፋኝ፣ ላስዌል ፕሮዲውሰር ናቸው፤ ግን ወደ ባህላዊና ኤሌክትሪክ ወደሌላቸው መሣሪያዎች ያዘነብላል፣ ድምጿም ፊት ለፊት ነው። የሁለቱ ሰዎች እጅ ሲተሳሰብም ሲጣላም የቱ የማን እንደ ሆነ ለመለየት ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሪሚክሱን ጨርሶ መተው ነው። ለአራት አምስት ቀን ጂጂን በጭራሽ አትክፈቱ። ከዚያ የ2001ዱን፣ መጀመሪያ የመረጣችሁትን ያንኑ ዘፈን ክፈቱት። ለዓመታት በቃላችሁ የምታውቁት ነው። ድምጿ ከመግባቱ በፊት ባሱ ቀድሞ ሲገባ ትሰሙታላችሁ፤ በግራ በኩል ደግሞ አንዲት ትንሽ ምት፣ ግጥሙን ስንጠብቅ ሁሌም ያለፈችን፣ ድሮም እዚያው ነበረች።